ሰባት እንዳንሆን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ እንዳልልህ ትናንት አጠገብህ ነበርኩ። ዛሬ ግን በርህ ድረስ መጥቼ አልገባሁም። ይኸው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እጽፍልሃለሁ። አትቀየመኝ።

የሒሳብ ማሽን ጠግነህ ስትጨርስ የምትፈትንበት ቁጥር ነበረህ፤ 142857። እኔ ሱቅህ ጥግ ልብስ ስሰፋ፣ አንተ ቁልፎቹን እየተጫንክ «እዪ አንቺ፣ በሁለት አባዢው፣ በሦስት አባዢው፣ እስከ ስድስት ድረስ እነዚያው ቁጥሮች ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ ሌላ አይገባባቸውም» ትለኝ ነበር። «በሰባት ስታባዢው ግን ሁሉም ዘጠኝ ይሆናል። ያኔ ሥራው አለቀ፣ ማሽኑን አጠፋዋለሁ።» እኔ ደግሞ «ይልቅ ሚስት ብታገባ ይሻልህ ነበር» እልህ ነበር።

ከታመምክ ወዲህ ከአፍህ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ሆነ። ነርሷ «እትዬ፣ ዛሬም ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ» እያለች ትቀልዳለች። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ዓይንህ እኔን አልፎ ግድግዳው ላይ ይተከላል። እህትህ መሆኔ ቀርቶ፣ መኖሬንስ ታውቅ ይሆን?

አንድ ቀን ነርሷ እያለች 428571 አልክ። እሷ ስትወጣ 285714 አልክ። ያንን የሱቅህን 142857 ስልኬ ላይ አባዛሁት። የመጀመሪያው በሦስት፣ ሁለተኛው በሁለት። ለካ ክፍሉ ውስጥ ያለነውን እየቆጠርክ ኖሯል! ቆጥረኸኛል! እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

በነጋታው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ በሩም ዝግ ነው። 428571 አልከኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ተሳሳትክ፤ ሁለት ነን» አልኩህ።

ደገምከው። አልጋው ሥር አየሁ፤ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ማንም የለም። በማግስቱ የአራቱን ቁጥር፣ ቀጥሎ የአምስቱን አልክ። ዓይንህም ግድግዳውን ትቶ አንድ በአንድ ያርፍ ጀመር፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ከበሩ ጎን፣ ከትከሻዬ ኋላ። የማላየውን ሰው እንዳልረግጥ እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ትናንት 857142 አልክ። የስድስት ነው።

በየቀኑ አንድ እየተጨመረ ነው፤ ዛሬ እኔ ከገባሁ ሰባት ልንሆን ነው፤ በሰባት ደግሞ ማሽኑን ታጠፋዋለህ። ነርሷን አትግቢ ብዬ ብለምናት «መድኃኒቱን ታዲያ በመስኮት ልወርውርለት?» ብላ ሳቀችብኝ። ፊቴን ስታየው ሳቋን ዋጥ አደረገች። «በቃ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ብቻ» አለችኝ።

ነገን እንጃ። እንድትቆጥረኝ ስንት ተመኝቼ፣ ዛሬ ከቁጥርህ የወጣሁት ጠልቼህ አይደለም፤ እዚያ ካላችሁት ሁሉ ተነስቼ መውጣት የምችለው እኔ ብቻ ብሆን ነው።

ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾልክልሃለሁ። ማንበብ ካቃተህ፣ አጠገብህ ካሉት አንዱ ያንብብልህ።

ከበርህ ማዶ፣
የምትወድህ እህትህ