ሹካዎቹን በቃሏ ያጠናችው እናቴ

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ለተከበሩ የዓይን ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከምርመራ ክፍሉ በር አጠገብ፣ በአግዳሚው ወንበር ጥግ አንገቴን ደፍቼ የምቀመጠዋ ልጅ ነኝ። መናገር ስለማፍር እጽፋለሁ፤ ሌላውም እንዲያነበው ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ እለጥፈዋለሁ። እንዴት እንደምለው አላውቅም እንጂ፣ ከሁሉ በፊት ቅናተኛ መሆኔን ልመን።

አንደኛ፣ በአዲሱ ማሽንዎ እቀናለሁ። የራሱ ክፍል፣ የራሱ መጋረጃ፣ የራሱ ማቀዝቀዣ አለው። ስኳር ያለባት እናቴ ግን ከጠዋት ጀምራ ፀሐይ ላይ ትሰለፋለች። ድሮ ክንድ ላይ ቢጫ ቀለም ተወግቶ ይታይ የነበረው የዓይን የደም ሥር፣ ዛሬ ያለ መርፌ፣ አገጭን አስደግፎ ጥቂት ባለመነቃነቅ ብቻ ፎቶ እንደሚነሳ ሰምተን ደስ ብሎናል። መስማቱን ለእኛም ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ በጎረቤታችን በባለ ሱቋ እቀናለሁ። እሷ ፎቶውን ተነስታለች። የክፍል ጓደኛዬ የሆነችው ልጇ ፎቶውን በስልኳ ይዛ ትዞራለች፤ የዛፍ ሥር ይመስላል። "ይኸውልሽ፣ የእማዬ ዓይን ከውስጥ። የእናትሽ ሥር የለውም እንዴ?" አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ።

ሦስተኛ፣ ደንብዎ። በግድግዳው ሰንጠረዥ ላይ ያሉት ሹካ መሳይ ምልክቶች ወዴት እንደዞሩ እስከ ስድስተኛው ረድፍ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው፣ ዓይኑ ደህና ነው ተብሎ ይሸኛል፤ ፎቶ የሚነሳው ያቃተው ብቻ ነው። ነርሷ ደግሞ ስኳር ሥሩን መጉዳት የሚጀምረው ሰውየው ገና ደህና እያየ ሳለ ነው ብላናለች። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ጭሱን የሚፈልግ ደንብ ስላወጡልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ ደክሟል ከተባለ ደንበኛ ሁሉ ጨርቁን ይዞ ይሄዳል ብላ ፈራች። እኔም ደንበኛ እንዳይሸሽብን ብዬ፣ ሰው ሲመረመር አግዳሚው ላይ ሆኜ የሰማሁትን አስጠናኋት፤ ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች። ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ ትደግመው ነበር። ፈተናውን አለፈች። መርማሪው "እትዬ፣ የወጣት ዓይን ነው ያለዎት" ስላላት እስከ ቤት እየሳቀች መጣች። በማግስቱ በራፍ ላይ ቆሜ እኔኑ ሴት ልጇን "ማነህ አንተ?" አለችኝ።

ስለ እርስዎ ትዕግሥት ማመስገን ወግ ነበር፤ የታገሥነው እኛ ስለሆንን ግን ምስጋናውን ለራሳችን አስቀርቼ፣ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

የተረሳ ነገር፦ ማሽንዎን ከአቧራ የሚጠብቀውን ነጭ ሽፋን የሰፋችው እናቴ ናት። የአገጭ ማስደገፊያውን በሜትር ለካችው እንጂ አገጯን አሳርፋበት አታውቅም። የግራ ጠርዙን ይመልከቱልኝ፤ ስፌቱ ጠሟል፤ ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ነገ በሩ ሲከፈት ሰንጠረዡ ፊት ቆሜ፣ ያስጠናኋት እኔ መሆኔን ሰው ሁሉ እየሰማ እናገራለሁ። ከዚያ ሽፋኑን አውልቄ ጠርዙን ቁጭ ብዬ አቃናለሁ፤ እስክጨርስ ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ እናቴ ፊቱ ትቀመጣለች።