ለአባትሽ ብዬ የተወጋሁት መርፌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለሆዴ ልጅ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም በጤናው በኩል ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያችን የቆመች የግድግዳ ሰዓት ፈቶ ይገጥማል። ዕድሜ ልኩን የሰው ሰዓት ሲጠግን ኖሮ የራሱ ቤት ሰዓት አንድም ቀን ልክ ሆኖ አያውቅም፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሰሞኑን ስንደዋወል ምስሉን የማጠፋው ኔትወርክ አስቸግሮኝ አይደለም። ዋሽቼሻለሁ። ፊቴን እንዳታዪው ብዬ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ ከአጠገቤ አይጠፋም፤ ስለዚህ የልብስ ስፌት መኪናዬን ገፋ አድርጌ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ አያውቀኝም፣ ልጄ። አልፎ አልፎ ይረሳል ብዬሽ ነበር፤ ነገሩ ከዚያ አልፏል። ጠዋት ሲነቃ ከጎኑ ያየኝና ደንግጦ አንሶላውን እስከ አንገቱ ይስባል። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ቤት ተሳስተው ይሆን?" ይለኛል በትሕትና። ከዚያ የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ "ባለቤቴን አላዩዋትም? ይቺ ናት፤ አሁን ትመጣለች" ይላል። ድምፄን ያውቀዋል። ከኩሽና ስጣራ "አቤት የኔ እመቤት!" እያለ ይመጣል፤ ፊቴን ሲያይ ሳቁ ይጠፋል። አብሬው ካረጀሁ በኋላ በገዛ ቤቴ ሰው የሚፈራኝ ባዕድ ስሆን ምን እንደሚሰማኝ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?

ፀጉር ቤት ያላት ደንበኛዬ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ይህን ሰማችና "እንግዲያው ፎቶዋን ሁኚለታ!" አለችኝ። እሷ ራሷ ፊቷን ተሠርታለች፤ እንደተተኮሰ ጨርቅ ልጥጥ ብሏል። ሳቅሁባት። ስትሄድ ግን መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን በጣቶቼ ወደ ጆሮዬ ሳብ አደረግሁት። እውነትም ያቺ የፎቶዋ ልጅ ብቅ አለች። አለቀስኩ።

ደንበኛዬ ፊቷን የተሠራችበት ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሟ አንቺን ታክላለች። "እናቴ" እያለች ሁሉንም አስረዳችኝ። አንዱ መርፌ የግንባርንና የዓይን ዳር ጡንቻን ያሳርፋል፤ ሽብሽቡ ይጠፋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። የጎደጎደ ጉንጭ የሚሞላ ሌላ መርፌ አለ፤ በሌዘር ቆዳን የሚያድስም አለ። የተንጠለጠለውን አገጭና አንገት ግን ከቀዶ ጥገና በቀር የሚመልሰው የለም፤ ከጆሮ ፊት ቀድዶ፣ ከሥር ስቦ መስፋት። "ልክ እንደ እርስዎ ሙያ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ግፊት ስላለብኝ ደም ከቆዳዬ ሥር ሊቋጠር ይችላል፤ ነርቭ ከተነካ አፌ ወደ አንድ ወገን ሊጣመም ይችላል። "ብዙ ጊዜ አይደርስም" አለችኝ። ይኼ "ብዙ ጊዜ" የሚሉት ነገር አላማረኝም። ቢሆንም መርፌውን ያኔውኑ ተወጋሁ፤ ለቀዶ ጥገናው ለፊታችን ሐሙስ ተቀጠርሁ። እመጣለሁ ስላልሽኝ፣ ከመምጣትሽ በፊት እንዲያልቅ ቸኩዬ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ምነው እንዳሉት ቶሎ በተፈታልኝ!

አባትሽ አንዲት የማይረሳት ቀልድ ነበረችው። ሻይ እያቀረብኩለት "ስንት ሰዓት ሆነ?" ስለው "በየትኛው? እዚህ ቤት ሰዓቱ ሁሉ የየራሱ አስተያየት አለው" ይላል። እስቃለሁ። ስስቅ ዓይኔ ዳር ትኩር ብሎ ያያል፤ ከዚያ "አንቺ ነሽ እንዴ! የት ጠፍተሽ ነው?" ይለኛል። ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ ሚስቱ እሆናለሁ። ምኑን አይቶ እንደሚያውቀኝ አስቤው አላውቅም ነበር።

መርፌው ከሠራ በኋላ ቀልዱን ነገረኝ፤ ሳቅሁ። አፌ ሳቀ፣ ዓይኔ ግን አልታዘዝ አለ። አባትሽ ዓይኔ ዳር እያየ ጠበቀ። ጠጋ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበና "ምን አስቀየምኩዎት?" አለኝ። ፈራኝ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ቀልዱን አልደገመውም።

የፎቶዋን ልጅ ሲፈልግ የሚያገኘኝ በሽብሽቤ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሄጄ አስጠፋሁት። ዛሬ ደውዬ የሐሙሱን ሰረዝኩ። የመርፌውን መድኃኒት የሚያስወጣ ነገር አለ ወይ ብዬ ሐኪሟን ብጠይቃት "ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ነው" አለችኝ። ሽብሽቡስ ይመለሳል። እሱ ግን እስከዚያ ቀልዱን ያስታውስ ይሆን?

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ባለፈው፣ ምስሉን ማጥፋት ሳልጀምር፣ በስልክ ሲያይሽ ተነስቶ ቆሞ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ "መጣች!" ያለው ትዝ ይልሻል? ልጁን አይቶ የተደሰተ መስሎሽ አለቀስሽ። እኔም አላረምኩሽም። የፎቶዋ ሴት አንቺ ነሽ፣ ልጄ፤ ቁርጥ። ከተወለድሽ ጀምሮ ስስመው የኖርኩትን ፊት እፈራዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "አትምጪ" ብዬ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ነይ። ናፍቀሽኛል፤ ብቻዬንም አልቻልኩም። ፀጉርሽን ግን እንደ ፎቶው አትልቀቂው፣ ሰብሰብ አድርገሽ እሰሪው። በሩን እኔ ልክፈት። ምናልባት እስከዚያ አንዲት ሽብሽብ ትመለስልኝ ይሆናል፤ ቀድሜ ልሳቅለት። አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ ግቢ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ አርጅተሽ የሚያውቅሽ ሰው አይጥፋብሽ።

አንቺን እመስል የነበርኩት
እናትሽ