የእትዬ የሻረግ ቀረፋ

ይድረስ ለወንድሜ ለዘረሰናይ፤ ከነቤተሰብህ አዲስ አበባ እንደምን ከርመሃል? እኛ ወልድያ ተመስገን ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ደጅ ላይ ትግርኛ እንዳያወሩ ነግሬያቸዋለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ የስኳር በሽታቸው ጠንቶባቸዋል። ሐኪም ስኳር ከከለከላቸው ጀምሮ እኔ ቤት በቀረፋ ብቻ የፈላ ሻይ ነበር የሚጠጡት። ከጦርነቱ ወዲህ «ቀረፋው አልተስማማኝም» ብለው ቀሩ። ባለፈው መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስኳር ሲያማስሉ አየኋቸው። ስኳሩስ ተስማማቸው?

ትናንት ለምኜ አስገባኋቸው። ቀረፋውን አፍልቼ፣ ለማያውቁት እንግዳ እንደሚደረገው፣ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩላቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን ሲያዩ ቆይተው ጠጡ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከባድ ነውና ለፍልሰታ አትምጣ። እሱ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ማና