ወይዘሮ ኢርሜሊ ቫይኒካ፦ ከታምፔሬ የበረዶ ሜዳ እስከ ማሪዬታ

ወይዘሮ ኢርሜሊ ከአባታቸው ከአቶ ታውኖ ቫይኒካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልካ በፊንላንድ፣ ታምፔሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1966 ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እዚያው ተከታትለዋል። የሰፈሩ ልጆች በረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወቱ በረኛ ቢያጡ ኢርሜሊን በግድ አቆሟቸው፤ ከዚያ ወዲያ ከበሩ የሚያስወጣቸው አልተገኘም።

በ1989 ለብሔራዊ ቡድን ተመርጠው ስድስት ዓመት በረኛ ሆነው አገልግለዋል። ከፊታቸው ቆሞ የሚጋርዳቸውን ሰው፣ የገዛ ቡድናቸው ተጫዋች ቢሆን እንኳ፣ አይምሩትም ነበር። በ1995 ጉልበታቸው ተጎድቶ ጨዋታ አቆሙ። የሴቶች ሆኪ ኦሎምፒክ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው መቅረታቸው እስከ መጨረሻው ያንገበግባቸው ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስለነበሩ በ1996 ለኦሎምፒክ ከአገራቸው ስፖርተኞች ጋር አትላንታ መጡ። ስፖርተኞቹን የሚያመላልሰው አውቶቡስ ሾፌር አቶ ሳሙኤል ወንድሙ መንገድ ስተው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ይዘዋቸው ዞሩ፤ መሳታቸውን ግን እስከ ዛሬ አያምኑም። በዓመቱ በቤተ ክርስቲያናችን ተጋብተው ሰሎሜንና ቶሚን ወለዱ። ወይዘሮ ኢርሜሊ ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚገኝ ሆስፒታል እየሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ማሪዬታ ውስጥ ሴት ልጆችን ሆኪ ያሠለጥኑ ነበር።

በ2004 እናታቸው ሲያርፉ ከታምፔሬ ጎረቤት ደወለ። ስልኩን ያነሡት አቶ ሳሙኤል ነበሩ። የአቶ ሳሙኤል እናት ወይዘሮ አረጋሽ፣ "መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌ ይጠራ፣ ቅዳሜ ሲነጋ ይነገራት" አሉ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎች ሲገቡ ወይዘሮ ኢርሜሊ አለቀሱ፤ ቀጥለውም፣ "አባቴ ይህን ሁሉ ቀን ድምፄን ሲጠብቅ ነበር" አሉ። በአገራቸው ቀብር ቶሎ ስለማይፈጸም ለእናታቸው ቀብር ደረሱ። ሲመለሱ ግን ትዳራቸው ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። የታረቁት አቶ ሳሙኤል ከእንግዲህ ምንም ላይደብቋቸው ቃል ሲገቡ ነው።

በ2008 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ለአቶ ታውኖ እንዳይነገር የመከሩ ነበሩ፤ ወይዘሮ ኢርሜሊ ራሳቸው ደውለው ነገሯቸው። አባታቸው እንግሊዝኛ ስለማይሰሙም፣ የራሳቸው ሞት የሚነገርበትን ዓረፍተ ነገር በፊንላንድኛ ባለቤታቸውን አስጠኑ። አቶ ሳሙኤል እያለቀሱ ሲሉት፣ እርሳቸው አነጋገሩን ያርሙ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2009 ጠዋት በተወለዱ በ42 ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ወይዘሮ አረጋሽ እንደ ልማዳቸው ሽማግሌ ሊጠሩ ሲነሡ፣ አቶ ሳሙኤል ስልኩን አንሥተው ያጠኑትን ተናገሩ። አቶ ታውኖም አመሰገኗቸው።

ወይዘሮ ኢርሜሊ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አባታቸውን ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በሰላሙ ይቀበል፤ የቀሩትንም ያጽና። አቶ ታውኖ በዕለቱ ስለሰሙ ለቀብሩ ደርሰዋል፤ አሁን ከወይዘሮ አረጋሽ አጠገብ ተቀምጠዋል።