ተራ የያዘልኝ ድንጋይ ይመለስልኝ

ለተከበሩ የጤና ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ቢታመሙ ሐኪም እንደሌለ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። እኔ ሚስቴን ቀብሬ ከሴት ልጄ ጋር የምኖር ድንጋይ ጠራቢ ሽማግሌ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት መቃብር ላይ ስም ለመቅረጽ ያህል ነው፤ በዚህም ሙያ ሥራ ስላበዙልኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ የሐኪም እጥረትን ለመፍታት አንዲትን ሐኪም በአምስት ጤና ጣቢያ ማዞርዎ ትልቅ ብልሃት ነው። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል እንሰማ ነበር፤ እርስዎ ገልብጠው አስተማሩን። እኛ ዘንድ የምትመጣው ማክሰኞ ነው። ስኳር ያጠቆረው እግሬ ግን ማክሰኞን አይጠብቅም፤ ትልቁ ሆስፒታል የሚያስገባኝም እሷ የምትፈርምበት ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ተራ የምንይዘው በድንጋይ መሆኑን የነገረዎ የለም መሰል። ሁሉም በዋዜማው ድንጋዩን በሩ ላይ አሰልፎ ይሄዳል። የእኔ በመሮ የተስተካከለው፣ ሁለተኛው ነበር። ያለፈው ማክሰኞ እንግዶችዎ ከቢሮው መኪና ወርደው ለመታከም በጓሮ በር ገቡና ዘበኛው «የዛሬው አልቋል፣ ወደየቤታችሁ» አለን። ልብስ ሰፊው «መች ተጀመረና ነው የሚያልቀው፣ ወንድሜ?» ቢለው አፉን በቆመጥ አለው፤ ጥርሱ ከደሙ ጋር ወረደ። ያኔ ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። በድንጋይ ለሚሰለፍ ሕዝብ መሣሪያ አቀባይ አያስፈልገውም።

የዘበኛው ክንድ ተሰበረ፣ መስኮቱ ረገፈ፣ ደግፋ ያመጣችኝ ልጄ ጆሮዋ ተተረተረ። ሐኪሟ «እባካችሁ፣ ሁላችሁንም አያለሁ» እያለች ወጣች። ግንባሯን የፈነከታት የእኔ ድንጋይ ነው። ማን እንዳነሳው አላየሁም፤ ማዕዘኑን ግን አውቀዋለሁ፣ ሹል አድርጌ የጠረብኩት እኔ ነኝ። ቁስሏን የሚሰፋ ሐኪም ተፈለገ፤ ሐኪሟ እሷው ነበረች።

ሦስተኛ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ፖሊስ ደረሰ። እርስዎም እሷ እስክትድን ጤና ጣቢያውን ዘግተው ግፊያውን ከሥሩ ስለነቀሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቁረቱ አሁን ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ልጄ ሽታው ሲበረታ መስኮቱን ትከፍታለች።

በሁለት እግሩ መቆም እስከቻለ ድረስ ለክቡርነትዎ ከመቀመጫው የሚነሳ፣
ታዛዥዎ ድንጋይ ጠራቢው

ማሳሰቢያ፦ ድንጋዬን ፖሊስ በማስረጃነት ይዞታል። ይመለስልኝ፤ ተራዬ ሁለተኛ ነው። እስከዚያ ሐኪም ካልመጣ ስሜን እቀርጽበታለሁ፤ ቦታ ከተረፈኝ ከሥሩ የእርስዎን ሙሉ ማዕረግ እጨምርበታለሁ፣ ማን እንዳስቀበረኝ አላፊ አግዳሚው እንዲያነብ።