በሽማግሌ አፍ ላይ የማይጨመርበት የውሃ ጨረታ

ለተከበሩ ሀጂ ሹዐይብ፣
በደማምና በኹበር የመንደራችን ተወላጆች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና ከሁሉም በላይ የድምፅ ማጉያዎ ጤና እንደምን ከርሟል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ማዳም ቀትር ላይ ጋደም ስትል ይህንን በማኅበሩ ዋትሳፕ ላይ ሁሉም እንዲያነበው እጽፋለሁ።

እኛ እዚህ የሰው ቤት እየጠረግን ወሎ ያስቆፈርነውን የመንደራችንን የውሃ ጉድጓድ ለዐሥር ዓመት የሚያስተዳድር ሰው በጨረታ ስለመረጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በተራ ላስቀምጠው፦

1. ጨረታውን እዚሁ ደማም አል ባዲያ ሰፈር፣ በሰደቃው ምሳ ላይ፣ በአፍ ስላደረጉት። የሁላችን ሽማግሌ አባ ኢስሀቅ ገና ዋጋ ሲጠሩ የቀሩት ተጫራቾች ማሻአላህ ብለው ዝም አሉ። በሽማግሌ አፍ ላይ ማን ይጨምራል? የማኅበራችን አባል ያሲር ዋጋው በታሸገ ፖስታ ይግባ ቢል፣ ሽማግሌ ተጠራጠርክ ብለው በሰው ፊት አሳፈሩት።

2. ጨረታውን ለአንድ ጀሪካን ትንሽ የሚያስከፍል ሳይሆን ለማኅበሩ ብዙ የሚከፍል ያሸንፍ ስላሉ። አባ ኢስሀቅ የከፈሉትን ከየት ያምጡት? ከእናቴ ጀሪካን ነዋ!

3. ፓምፑ ሲበላሽ ማን፣ መቼ ይጠግነዋል የሚል ቃል በውሉ ላይ ስላላስገቡ። ብጠይቅዎ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ አባ ኢስሀቅ አላህን የሚፈሩ ሰው ናቸው አሉኝ። እውነት ነው፣ ይፈራሉ። ፓምፑ ግን ማንንም አይፈራም፤ ከረመዳን ጀምሮ ቆሟል።

እናቴ ቀመር ጉድጓዱ ከደጇ እያለ በዚያ ጉልበቷ ወንዝ ትወርዳለች። ባለፈው ጁምዓ ዳገቱ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ስሰማ በማዳም ኩሽና ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ እሱንም ከምስጋናዬ ጋር ይቁጠሩልኝ።

ስለዚህ በመጪው ስብሰባ ጨረታው እንዲደገም በትሕትና እለምናለሁ። ዋጋው በፖስታ ይግባ፣ ለጀሪካን ትንሹን የጠየቀ ያሸንፍ፣ ፓምፑ ቆሞ በከረመ ቁጥርም አስተዳዳሪው ይቀጣ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ውልዎን ያሳጥረው።

ታናሽዎና ታዛዥዎ፣
ሰይዳ፣ ቧንቧ ሲከፍቱት ውሃ ከሚወርድበት ከአል ነኺል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የለም፣ እንደ ልማዳችን በአፍ ይሁን ካሉም ደስ ይለኛል። እናቴ በስልክ ገብታ አንዲት ብር ትጠራለች። አባ ኢስሀቅን ልጅ ሳሉ በጀርባዋ ያዘለቻቸው እሷ ናት፤ በእሷ አፍ ላይ የሚጨምር ጨዋ ካለ እናያለን።