ቤት የማይገባው ሳጥን

ሰኞ

የካምፓሱ ሴኩሪቲ የመኪናዬን መስኮት ሲያንኳኳ ልብስ እየቀየርኩ ነበር። ከላይ ሹራብ ደርቤያለሁ፣ ከታች ግን የሥራ ሱሪዬና ቀበቶዬ እንዳሉ ናቸው። ቀበቶው ላይ የሽጉጡ ቦታ ባዶ ነው፣ የሰውየውም ዓይን እዚያው ሄደ። የት ነው አለኝ። ትራንክ ውስጥ፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ ሳጥኑ ተቆልፎ፣ ፈቃዴም ይኸውልህ ብዬ ካርዶቼን ዘረገፍኩለት። አይቶ መለሰልኝ። ፈቃድሽ ለሥራሽ ነው፣ እዚህ ግቢ ግን ተቆልፎም ቢሆን አይገባም፣ ከኮሌጁ የጽሑፍ ፈቃድ ካላመጣሽ በቀር አለ። ዛሬ እንዳላየሁ እሆናለሁ፣ ሐሙስ ለክላስ ስትመጪ ግን ይዘሽው እንዳላገኝሽ። ጨዋ ሰው ነው፣ ፖሊስ መጥራት ይችል ነበር።

ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ ለምን ቤትሽ አታስቀምጪውም አለኝ። ቤቴ ሩቅ ነው አልኩት።

ውሸት። ቤቴ እዚሁ ሳን ሆዜ ነው። ኦክላንድ፣ አፕታውን ሰፈር በጥበቃ ከምሠራበት ሕንፃ ወጥቼ ወደ ክላስ ስመጣ ከፍጥነት መንገዱ ወደ ቤቴ የሚያወጣውን ኤግዚት አልፌ ነው የምመጣው።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ባለፈው ዲሴምበር ሊያ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ፣ ኩሽና ቆማ ሳህን እያደረቀች፣ "ማሚ፣ አይ ዶንት ዋና ቢ አላይቭ" አለችኝ። መኖር አልፈልግም ያለችኝ ወተት አልቋል እንደምትለኝ አድርጋ ነው። ሆስፒታል ይዘናት ስንደርስ ሐኪሟ ከሁሉ በፊት የጠየቀችን ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ ብላ ነው። ሽጉጡ የዚያኑ ዕለት ከቤት ወጣ፣ ተመልሶም አልገባም። ሊያ አሁንም ክትትል ላይ ናት፣ ለውጥ አላት ይላሉ። እኔ ግን አንድ ቀን ልቤ አላረፈም። ለማንም አልተናገርንም፣ እኔና ባሌ ዳንኤል ብቻ ነን የምናውቀው። ሽጉጡ ለምን መኪና ውስጥ እንደሚያድር ለሊያም አልነገርናትም።

ማክሰኞ

እስከ ሐሙስ ምን ይደረግ?

ሥራ ቦታ ትቼው ልሂድ። ሱፐርቫይዘሬን ጠየቅኩት፣ አይሆንም አለ። ሽጉጡ የራስሽ ነው፣ እኛ ማስቀመጫ የለንም።

ከካምፓስ ውጪ መንገድ ላይ ላቁም። መስታወት ሰብረው ይወስዱታል። በዚህ አገር መኪና ውስጥ ጃኬት ትቶ መሄድ እንኳ ሞኝነት ነው።

ሥራውን ያለ ሽጉጥ ልሥራ። ደመወዙ መውረዱ ብቻ ሳይሆን ፉል ታይሙም ይቀራል። የሊያ ሕክምና ደግሞ በእኔ ኢንሹራንስ ነው፣ እሱም የሚሰጠው ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ብቻ ነው።

ትምህርቱን ልተው። የራጅ ባለሙያ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረኝ። ደግሞ የምማረው እኮ ከዚህ ሽጉጥ ለመገላገል ነው። ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ ነው የገባሁት?

ሌላ አልመጣልኝም። ዳንኤልም አሰበ አሰበና፣ "እኔ እንጃ ሰብልዬ" ብሎ ተኛ።

ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜን ያሬድን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከሚሠራበት ሬስቶራንት አገኘሁት። ጥብስ አስቀረበልኝ። ሽጉጡን የማስቀምጥበት አጣሁ አልኩት፣ ለምን እንደሆነ ግን ዘለልኩት። ካዝና ግዢና ቤትሽ ቆልፊበት፣ ምን ታካብጃለሽ አለኝ። ቤት ውስጥ ልጅ አለ አልኩት። ሳቀ። ሊያ ኮሌጅ ልትገባ ነው እኮ፣ የምን ልጅ አለ።

የስልኬን ኮድ ከእኔ ቀድማ የምታውቅ ልጅ ካዝና መክፈት ያቅታታል? ይህን አልነገርኩትም። ያሬድ ካወቀ ሚስቱ ታውቃለች፣ ሚስቱ ካወቀች ቸርቹ በሙሉ ያውቃል። ከዚያ ሊያ በበሩ በገባች ቁጥር ሁሉም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከንፈር ይመጥላታል። ልጄ እንደዚያ ስትታይ ማየት አልችልም።

ስወጣ ፊትሽ ልክ አይደለም፣ ኮል አድርጊልኝ አለ። አላደረግኩም።

ሐሙስ

መንገድ ላይ አቆምኩ። ከካምፓሱ ማዶ፣ አፓርታማዎቹ ፊት ለፊት። ሳጥኑ በወፍራም ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ታስሯል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አስተማሪው ስለ ደረት ራጅ ያወራል፣ እኔ የመኪና አላርም አዳምጣለሁ። ሁለቴ ወጥቼ አየሁ። ሁለተኛውን ስመለስ ኩዊዙ ተሰብስቧል። ዜሮ።

ክላስ አልቆ ስወጣ ከኋላዬ የቆመችው መኪና መስታወቷ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። የእኔን አልነኩትም። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ከልጄ ያራቅኩትን ነገር የሌላ ሰው ልጅ እጅ ላስገባው ነበር። አለቀስኩ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ነገ ሄጄ የጽሑፍ ፈቃዱን እጠይቃለሁ። ምክንያቱንም እናገራለሁ።

ዓርብ

አልተናገርኩም።

መንገዱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስለማመድ ነበር። በእንግሊዝኛ ይቀለኛል፣ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል። የካምፓሱ ሴኩሪቲ ቢሮ ገብቼ ስሜን ስናገር ጠረጴዛው ጋ ያሉት ሴትዮ ከኮምፒዩተራቸው ቀና አሉና፣ "ሐበሻ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ?" አሉኝ።

ክው አልኩ። ወይዘሮ ሮማን ይባላሉ፣ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ የት ነው የምታመልኪው አሉኝ። ለካ ምራታቸው ሰናይት የእኛው ቸርች ናት። ከዚያ ማመልከቻዬን ሊሞሉልኝ ብዕር አነሱና፣ ቤትሽ የማይቀመጠው ለምንድን ነው አሉ።

ለማላውቀው ፈረንጅ ልናገር ያመጣሁት ነገር ለሰናይት አማት የሚነገር አልነበረም። ባለቤቴ ቤት እንዲገባ አይፈልግም አልኳቸው። ሳቁ። "ለዚህማ ፈቃድ አይሰጡሽም፣ ባልሽን አሳምኚ እንጂ" አሉ። ለማንኛውም አስገባልሻለሁ፣ ተስፋ ግን አታድርጊ።

አመስግኜ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ራሴን እንደ ጉድ ሰደብኩት። አፍ አውጥቶ አንዲት ቃል መናገር ይህን ያህል ያቅታል? ለዳንኤልም ምን እንዳልኩ አልነገርኩትም።

እሑድ

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቸርች ደርሷል። ከአምልኮ በኋላ ምሳ እየበላን ሰናይት ዳንኤልን፣ "ሚስትህን ከነሽጉጧ ከቤት አባረርካት አሉ" ብላ ቀለደችበት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። እህታችን ለእንጀራዋ ነው የምትይዘው፣ አትጫናት ብለው በጨዋ ደንብ መከሩት። ዳንኤል ቀና ብሎ አየኝ። ገባው። "እሺ አባባ፣ አስብበታለሁ" አለ። ምንም ያላጠፋ ሰው። አንጀቴን በላው። ሊያ አጠገቡ ነበረች፣ ሹካዋን አስቀመጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ወንበር፣ "ኢትስ ሚ፣ ራይት?" አለች። ሽጉጡ ቤት የማይገባው በእኔ ምክንያት ነው አይደል ማለቷ ነው። "አይ ኖው፣ ማሚ። ሆስፒታል ከሄድን ጀምሮ አውቃለሁ።" ዳንኤል መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመው። አንቺን ላለማስከፋት ነው፣ ሰው እንዳያወራብሽ ነው አልኳት። የመለሰችልኝን እንዳለ ልጻፈው። "ባባ ላይ አታድርጊ። ቴል ዘም ኢትስ ሚ፣ በእኔ ነው በያቸው። ስትዋሺ እኔ ሼምፉል ነገር ያደረግኩ ይመስላል።"

እኔ ከሰው አፍ የሸሸግኳት መስሎኝ ነበር። ለካ እሷ እኔ እንዳፈርኩባት ነበር የምታስበው። ዳንኤል እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጉልበቷን ያዘ።

ሰኞ

ጠዋት ሽጉጡን ወደ ገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት። በአደራ ያስቀምጡልኛል፣ ወረቀቱን ፈርሜ ወጣሁ። ሱፐርቫይዘሬ መሣሪያ የማያስፈልገው ቦታ ላይ ሊመድበኝ ተስማማ። ፉል ታይም እንዲሆንልኝ ቅዳሜና እሑድንም እገባለሁ። ኢንሹራንሱ ሳይቋረጥ ይቀጥል እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት አልነገረኝም። ያስፈራኛል። ዳንኤል እንደምንም እንሆናለን ብሏል።

ከሰዓት ሊያን ከትምህርት ቤት ይዤ ኮሌጅ ሄድን። እሷ ናት እኔም ልምጣ ያለችው። ወይዘሮ ሮማን ጋ ገባን፣ ፈቃዱን ተዉት፣ አያስፈልገኝም አልኳቸው። "ደግሞ ባለፈው ዋሽቼዎታለሁ። ባሌ አይደለም። ልጄ ታማብኝ፣ በራሷ ላይ ጉዳት እንዳታደርስ ፈርቼ ነው።" ወጣልኝ። ሊያ አጠገቤ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ወይዘሮ ሮማን መነጽራቸውን አወለቁ። ወይኔ ልጄን፣ እግዜር ይማርሽ፣ ምናምን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የት ነው የምታሳክሚያት አሉኝ። ነገርኳቸው። "የሐኪሟን ስልክ ጻፊልኝ እስቲ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ጻፍኩላቸው።

ክላስ እስኪጀምር መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ከዲሴምበር ጀምሮ ሐኪሟን እጠይቃለሁ፣ ዳንኤልን እጠይቃለሁ፣ በሯ ላይ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። እሷን ራሷን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ ጠየቅኳት። አሁንስ፣ ያ ሐሳብ ይመጣብሻል አልኳት።

በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች። "ሳምታይምስ፣ አንዳንዴ" አለች። "ልነግርሽ እችላለሁ። ግን ፊትሽን እንደዚህ አታድርጊው።"

ፊቴን በሁለት እጄ አሸት አሸት አደረግኩት። ሳቅ አለች። እሺ፣ ንገሪኝ አልኳት። ጀመረች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በዚያች በምትችላት አማርኛ። ክላስ አልገባሁም።